የበቆሎ ቢጫነት መንስኤ መለያ ዌብ መሣሪያ፦ ነጥቡን እንዴት ልስጥ?

የቡሬው
ሰላም ወገኖች። ቡሬ ዙሪያ የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ ማታ ማታ ኮድ እጽፋለሁ። በቆሎ ቢጫ ሲሆን እዚህ አገር ቶሎ የሚባለው "መሬቱ አሲድ ይዞታል፣ ኖራ ስጡን" ነው። ቀይ አፈራችን በአሲድ ስለተጎዳ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን የናይትሮጅን እጥረትም፣ ውሃ መተኛትም ቅጠል ቢጫ ያደርጋሉ። ኖራ ደግሞ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠይቃል። ያለ ምክንያት ገበሬውን ማሸከም ግፍ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው። ከላይ መላ ምቶቹ (አሲድ፣ ናይትሮጅን፣ ውሃ)፣ ከጎን ማሳው ላይ የታየው ነገር፤ ሳጥኑ ውስጥ "ይስማማል" ወይም "ይቃረናል"። "ይስማማል" የሚለውን ስደምር ሁልጊዜ አሲዱ ያሸንፋል። ምን ይሻላል?

ጣና ዳር
መደመሩን ተወው። ይህን መላ ምቶችን በሰንጠረዥ የማወዳደር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለአሜሪካው የስለላ ድርጅት ለሲአይኤ ተንታኞች ያዘጋጀው ሪቻርድስ ሆየር የፈለገው መላ ምትን ማፍረስን ነው። ብዙ ደጋፊ ያለው ሳይሆን ጥቂት ተቃራኒ ያለበት መላ ምት ይቀድማል። "ቅጠሉ ቢጫ ነው" ከሦስቱም ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አይለይልህም።

የ"ይቃረናል"ን ድምር ዳታቤዝ ውስጥ አታስቀምጠው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይሰላ።

የአፈር ሰው
ወንድሜ፣ ዋናው ሥራ ረድፎቹ ላይ ነው። ቢጫው ከየት ጀመረ? ናይትሮጅን ሲያጥር ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ይነሳል፤ ከጫፉ ተነስቶ የመሃሉን ጅማት ይዞ ይገባል፣ የ"ቪ" ቅርጽ ይሠራል። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ ለጋው በቆሎ ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። አንዱን ነቅለህ ሥሩን እየው፤ አጭርና ደደር ያለ ከሆነ አሉሚኒየም መርዞታል ብለህ ጠርጥር። ውሃ የተኛበት ከሆነ ቢጫው ጎድጓዳውን ተከትሎ ይሄዳል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በላይ ከወጣ ደግሞ አሲዱ ላይ ከባድ "ይቃረናል" ጻፍበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አሲድና የናይትሮጅን እጥረት አንድ ማሳ ላይ አብረው ይገኛሉ። "ሁለቱም" የሚል ዓምድ ከሌለህ ሰንጠረዡ በግድ አንዱን ያስመርጥሃል።

የቡሬው
እግዜር ይስጥልኝ፣ የ"ሁለቱም"ን ዓምድ አሁኑኑ ጨመርኩ። ፒኤች ያልተለካበት ማሳስ? ባዶውን ሳጥን ዜሮ ልበለው?

ጣና ዳር
በፍጹም። ዜሮ ካልከው "አልተቃረነም" ተብሎ ይቆጠራል። "አልተለካም" ብሎ በሌላ ቀለም ይታይ። ከዚያ ገጹ ካልተለኩት ውስጥ መላ ምቶቹን ይበልጥ የሚለየውን መርጦ "ቀጥሎ ይህን ለካ" ይበል። የልማት ሠራተኛው ማሳው ላይ ቆሞ የሚፈልገው እሱን ነው።