ጉባኤው አብሮን አይዘምርም፤ ምን እናስተካክል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ የአምልኮ አገልግሎት የምታውቁ ወገኖች ምክራችሁን እንፈልጋለን። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ እሁድ እሁድ 120 ያህል ሰው ይሰበሰባል። ሮሜ 15፥6 በአንድ ልብ፣ በአንድ አፍ ይላል። እኛ ዘንድ አፉ የዘማሪዎቹ ብቻ ሆኗል።

አዳራሹ 17 ሜትር ይረዝማል፤ ሁለቱም ስፒከሮች መድረኩ ላይ ናቸው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የኋላውን ግድግዳ መትቶ መድረኩ ጋ የሚመለሰው ከአንድ አስረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። ጭብጨባው ይዘገያል፣ ኪቦርዲስቱ ይጠብቃል፣ መዝሙሩ ይጎተታል። ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቅለን ትንሽ ተሻለ። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቮሊዩም እንጨምራለን፤ ያኔ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ ስለማይሰማ ዝም ይላል። (ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የተሻለ መዘመራቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።)

ሌላው የዜማው ከፍታ ነው። መዝሙሩን ዘማሪው በቀረጸበት ከፍታ ስናነሳ አዝማቹ ላይ እናቶች ያቋርጣሉ። ትራንስፖዙን (የኪቦርዱን የዜማ ከፍታ መቀየሪያ) በ3 ዝቅ ስናደርግ እነሱ ይገባሉ፣ የመሪው ድምፅ ደግሞ ስንኙ ላይ ይጠፋል።

ከባዱ ቋንቋው ነው። ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አዝማቹን ስንተረጉመው የኦሮምኛው ረጃጅም አናባቢዎች ከዜማው ጋር አይገጥሙም።

ስንኙን በአማርኛ፣ አዝማቹን በኦሮምኛ የሞከራችሁ አላችሁ? ዜማውን ነው ያሻሻላችሁት ወይስ ቃሉን? ስፒከሮቹንስ ወደ መሃል ማምጣት ይሻላል?