ከግሬስ መረጃ ላይ መስመሮቹን እንዴት ላጥፋቸው?

ሰላም ወገኖች፣ በግሬስ (የምድርን ስበት በሚለኩት መንትያ) ሳተላይቶች መረጃ የሠራ ካለ እባካችሁ አንድ በሉኝ። አራት ኪሎ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአባይ ተፋሰስ የውሃ ክምችት ከወር ወር እንዴት እንደሚለዋወጥ እያሰላሁ ነው።

የስበት መስኩን ኮኢፊሸንቶች (መስኩን የሚገልጹትን ቁጥሮች) እስከ ዲግሪ 60 ወስጃለሁ፤ ዲግሪው ከፍ ባለ ቁጥር ዝርዝሩ ይደቅቃል። ሲ20ን (የምድርን ዋልታ ላይ ጠፍጠፍ ማለት የሚገልጸውን ቁጥር) ወደ ሳተላይት ሌዘር በመላክ ከሚደረገው ልኬት በተገኘው ተክቻለሁ፣ ግሬስ ራሱ የማይሰጠውን ዲግሪ 1ንም (የምድር የክብደት ማዕከል መንቀሳቀሱን የሚያሳየውን) ጨምሬያለሁ። የብዙ ዓመት አማካዩን ቀንሼ ካርታውን ሳወጣው ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ መስመሮች እንደ ጥበብ ጥለት አገሩን ሸፍነውታል። ሁለቱ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው እየተከታተሉ በዋልታዎቹ በኩል ይዞሩ ስለነበር ልኬታቸው በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ ደካማ ነው፣ ይሄ ይገባኛል፣ የቸገረኝ መፍትሔው ነው። በ300 ኪሎ ሜትር ጋውስያን (እያንዳንዱን ቦታ ከዙሪያው ጋር በሚያማክል ማጣሪያ) ሳለሰልሰው መስመሩ አይጠፋም። 500 ሳደርገው ደግሞ የክረምቱ ውሃ አብሮ ይሟሽሽና ከተፋሰሱ ወጥቶ ሱዳን ይገባል (ካርታው ላይ ማለቴ ነው፣ እውነተኛውማ ድሮም ይገባል)።

ዲዲኬ የሚባለው፣ እነዚህን መስመሮች ለመቀነስ የተሠራው ማጣሪያ ይሻለኛል? አማካሪዬ «ማስኮን ውሰድና ተገላገል» ይሉኛል (ማስኮን የውሃ ለውጡ በየቦታው ተሰልቶ የቀረበ ዝግጁ መረጃ ነው)፣ እኔ ግን ከኮኢፊሸንቱ ራሴ ማስላት ነው የምፈልገው። ማጣሪያው የበላውን ለመመለስ ማባዣ ቁጥር የተጠቀመ ካለ ከየትኛው የአፈር ውሃ ሞዴል እንዳወጣው ይንገረኝ። የፓይተን ኮድ ያለው ደግሞ ጣል ያድርግልኝ፣ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል አወርደዋለሁ።