ፕሮዳክት ማናጀር የግድ ኮድ መቻል አለበት?

የጥያቄው ባለቤት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ለፕሮዳክት ማናጀርነት (ምርቱ ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቀድም ለሚወስን ሰው ቦታ) ኢንተርቪው ገብቼ ነበር። ኃላፊው "ኮድ ካልቻልሽ ዴቨሎፐሮቹ አይሰሙሽም" አለኝ። 4 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኮድ ግን ጽፌ አላውቅም። እውነቱን ነው? በግልጽ ንገሩኝ።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር (ከአፑ ጀርባ ያለውን ክፍል የሚሠራ)፦ እኔ አለበት ባይ ነኝ። አንድ ማናጀር ነበረን፣ ለሽያጭ ክፍሉ "በ2 ሳምንት ይደርሳል" ብሎ ቃል ገባ። ላዩን ሲታይ አንዲት በተን መጨመር ነው። ከሥሩ ግን ዳታቤዙ መቀየር ነበረበት፣ የቆየው ዳታ መዛወር ነበረበት፣ አፑን አፕዴት ያላደረጉት ሰዎች ደግሞ የድሮውን ኤፒአይ (ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ) ነው የሚጠቀሙት፣ እሱን መዝጋት አትችልም። ሳይጠይቀን ቀን ቆረጠ፣ ቅዳሜና እሁዳችን ተበላ። ኮድ ቢያውቅ ይሄን አያደርግም ነበር።

ከኮድ ወደ ፒኤም (ፕሮዳክት ማናጀር)፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሰውየው የጎደለው ኮድ ነው ወይስ መጠየቅ? "ይሄ ምን ምን ይነካል?" ቢላችሁ በ10 ደቂቃ ትነግሩት ነበር። እኔ ከዴቨሎፐርነት ነው የመጣሁት። መጀመሪያ አካባቢ "ይሄማ ቀላል ነው" እያልኩ የልጆቹን ግምት አሳንስ ነበር። በኋላ ትክክለኛውን ቀን መናገር ተዉ፣ እኔ መስማት የምፈልገውን ብቻ ይነግሩኝ ጀመር። ኮድ ማወቄ ነው የጎዳኝ። ደግሞ ሙያው ሲጀመርም ከኮድ ጋር አልተገናኘም። እ.ኤ.አ. በ1931 ኒል ማክኤልሮይ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ብራንድ ራሱን የቻለ ኃላፊ ይመደብ ብሎ ማስታወሻ ጻፈ። ብዙዎች የዚህን ሥራ መነሻ ከዚያ ነው የሚቆጥሩት። ይሸጥ የነበረው ሳሙና ነው።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር፦ ሳሙና ዳታቤዝ የለውም። ምርቱ ራሱ ለዴቨሎፐሮች የሚሸጥ ኤፒአይ ቢሆንስ? ተጠቃሚው የሚያማርርበትን ነገር ሳትሞክረው እንዴት ይገባሃል?

ከኮድ ወደ ፒኤም፦ እሱን እቀበላለሁ። እንደዚያ ዓይነት ምርት ላይ ኮድ ያስፈልጋል።

ዳታ ላይ የምሠራ፦ እህቴ፣ ጊዜ ካለሽ መጀመሪያ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ) ተማሪ። ስንት ሰው ምዝገባ ጀምሮ የትኛው ገጽ ላይ ትቶ እንደወጣ ራስሽ ካየሽ ስብሰባው ላይ የሚደረገው ንግግር ይለወጣል። አሁን ፒኤሞች ለአንዲት ቁጥር እኛን ቀናት ይጠብቃሉ፣ እስከዚያ ውሳኔው በጮኸው ሰው ይሄዳል።

የጥያቄው ባለቤት፦ እውነት ለመናገር እኔን የሚከብደኝ ይሄ ነው። አለቃ መጥቶ "ይሄ ይግባ" ሲል እምቢ ማለት። ማንም በእኔ ሥር አይደለም፣ ተጠያቂዋ ግን እኔ ነኝ።

ከኮድ ወደ ፒኤም፦ እምቢ አትበይ። የተያዘውን ሥራ ዝርዝር ፊቱ አስቀምጪና "ይሄ ከገባ የትኛው ይውጣ?" በይው። መርጦ ካወጣ ውሳኔው የእሱ ነው፣ በጽሑፍ ላኪለት። የስክረም (ቡድን ሥራውን በአጭር በአጭር ዙር የሚሠራበት ዘዴ) መመሪያ ፕሮዳክት ኦነር (የሥራ ዝርዝሩ ኃላፊ) አንድ ሰው ነው፣ ኮሚቴ አይደለም ይላል፤ ዝርዝሩን መቀየር የፈለገ እሱን ያሳምን ማለት ነው። ብዙ ቦታ ግን ስሙን ይሰጡሽና ሥልጣኑን ይይዙታል።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር፦ እዚህ ላይ እንስማማለን። ማናጀራችን ይሄን ጥያቄ ለሽያጮቹ ቢጠይቅልን ኖሮ ኮድ አለማወቁን ከቁም ነገርም አንቆጥረውም ነበር።

የጥያቄው ባለቤት፦ ሐሙስ ሁለተኛ ዙር አለኝ። ለደንበኛ ቀን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ሽያጭ ነው ካሉኝ አልገባም።