«ዩተራይን ሲኤ» ብቻ ሲጻፍ ኮዱን ምን ላድርገው?

ካርድ ክፍል፣ ባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የሕመሙን ስም ከካርዱ እያየሁ በአይሲዲ 10 (በዓለም አቀፉ የሕመሞች መለያ ዝርዝር) ኮድ አድርጌ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ወር ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ነበሩ። የሪፈር ወረቀታቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። ሲፈቱት ጠርዙ ረጥቧል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «ዩተራይን ሲኤ» ይላል፣ የማህፀን ካንሰር ማለት ነው፤ ሌላ የለም። ሲ55 ብዬ አስገባሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱ መጣ፤ ለካ የማህፀን በር ነው። ሲ53 መሆን ነበረበት። አስተካከልኩት፤ የወሩ ሪፖርት ግን ሄዷል። ከዚህ በፊት ስንቱን እንዲህ አሳልፌ ይሆን? እንዲህ ሲጻፍ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮ ኮደር፦
ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛ አገር ሁሉም «የማህፀን ካንሰር» ነው የሚባለው፤ ታማሚዋም እንደዚያ ትላለች፣ ባለሙያውም። የማህፀኑ አካል ሲ54 ነው፣ በሩ ሲ53። ሲ55 የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው። በሩም ይለያያል፦ የውስጡ 53.0፣ የውጪው 53.1፣ ሁለቱንም ካዳረሰ 53.8፣ ካልተጻፈ 53.9። አንተ ግን እንዳትገምት። ካርዱን ይዘህ ሐኪሙ ጋ ሂድ። እኔ ጠዋት ራውንድ ሳይጀምሩ ነው የምይዛቸው።

ሌላው፣ ኮዱ ደረጃውን፣ ማለትም ካንሰሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ፣ አይናገርም። 1ቢም ሆነ 3ቢ ያው ሲ53 ነው። ሐኪሙ ደረጃውን በጽሑፍ ካላሰፈረው፣ ለጨረር ሪፈር ስትባል የሚቀበላት ሐኪም ምን ይዞ ይነሳ?

ሲስተር፣ ቅድመ ምርመራ ክፍል፦
እባካችሁ የቪአይኤን ነገር አትርሱ። የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብተን በዓይን የምናይበት ቅድመ ምርመራ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከታየ «ፖዘቲቭ» እንላለን። ካንሰር ማለት አይደለም! አንዲት ልጅ ካርዷ ላይ ሲ53 ተሞልቶባት ነበር። እህቷ ነርስ ናትና ኮዱን አወቀችው። ሁለቱም ሲያለቅሱ አድረው ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና) እንኳን አልተወሰደላትም ነበር። ለማጣራት ብቻ የመጣች ዜድ12.4 ናት። ባዮፕሲው ሲን (ገና ካንሰር ያልሆነ የማህፀን በር ሴሎች ለውጥ) 1 ካለ ኤን87.0፣ ሲን 2 ካለ ኤን87.1፣ ሲን 3 ካለ ዲ06። ሲ53 የሚጻፈው ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

ካርድ ክፍል፣ ባሕር ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፣ አንተም ወንድሜ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙን ከራውንድ በፊት ያዝኩት። ምንም ሳይሰለች «የማህፀን በር፣ ስኳመስ ሴል (የካንሰሩ ዓይነት ነው)፣ ደረጃ 2ቢ» ብሎ ቀኑን ጨምሮ ጻፈልኝ። ከሰዓት በኋላ ሲ55 የተባሉትን ካርዶች ከመደርደሪያ እያወረድኩ ነበር። እስካሁን ከሰባቱ አራቱ ውስጥ የማህፀን በር የሚል የፓቶሎጂ ወረቀት አለ። የቀሩትን ነገ እጨርሳለሁ።

የዘጌዋ እናት ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። ካርዳቸውን ከሁሉም በላይ አስቀምጬዋለሁ።