የደሴ ጓሮ ቃሪያ አበባውን ለምን ያረግፋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። በሚያዝያ ኮምቦልቻ ካለው የአክስቴ ጓሮ ስድስት የቃሪያ ችግኝ አምጥቼ ከቤቴ ጀርባ ተከልሁ። ፍግ ሳልሰስት ስለሰጠኋቸው ቁመታቸው ወገቤ ደርሷል፤ ነገር ግን አበባው በወጣ በሦስት በአራት ቀኑ ከነአንገቱ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። እስካሁን የለቀምሁት ሰባት ቃሪያ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአየሩ?

መልስ 1፦
ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው በከንቱ አይደለም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ የቃሪያ አበባ ብናኙ ስለሚደክም ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። እኔ መሬት ላይ መትከሉን ትቼ፣ ሥሩን በበሳሁት ጀሪካን ተክዬ የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲያሰጋ ማታ ማታ በረንዳ አስገባቸዋለሁ። ፍጉን ግን ያቁሙ፤ ፍግ የበዛበት ቃሪያ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያስብም።

መልስ 2፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። ሰባትም ቢሆን አይናቁት፤ ለአንድ ስኒ ቆጭቆጫ ይበቃል። ቃሪያውን ከሁለት ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከትንሽ ዝንጅብልና ከጨው ጋር በሙቀጫ ይውቀጡት፤ በማሽን የተፈጨው ውኃ ስለሚለቅ እኔ አልወደውም። የሚያቃጥለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተጣበቀበት ነጩ ሥጋ ስለሆነ፣ ልጆች የሚበሉ ከሆነ እሱን ፍቀው ያውጡት። ሲጨርሱ እጅዎን አስቀድመው በዘይት አሽተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ማቃጠያው በዘይት እንጂ በውኃ አይሟሟም። እኔ ይህን ሳላውቅ በውኃ ብቻ ታጥቤ ዓይኔን ነክቼ፣ ለእንግዳ ያቀረብሁትን ጥብስ በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነበር ያስተናገድሁት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ፍጉን ከዛሬ ጀምሮ አቁሜአለሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተክል ይይዛል?

መልስ 1፦
አንድ ብቻ ይትከሉ። ጀሪካኑንም ከወገቡ ቆርጠው የታችኛውን ግማሽ ይጠቀሙ፤ ሙሉውን አፈር ከሞሉት ማታ ማታ በረንዳ የሚያስገባልዎት ሰው ያጣሉ።