«ብሊክ ሃውስ»ን ሳነብ፦ ጥፋቱ የሕጉ ነው ወይስ የተከራካሪው?

አንባቢ ከጅረን፦
ጅማ ውስጥ ከአንድ ወዳጄ የተዋስሁትን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲከንስን ልብ ወለድ «ብሊክ ሃውስ» እኩሌታውን አንብቤአለሁ። ከጠበቅሁት በተለየ ጉቦኛ ዳኛ አላገኘሁበትም። የጃርንዳይስ ቤተሰብ የውርስ ክርክር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ባለጉዳዮችን ሲያደኸይ፣ በችሎቱ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋና ትሑት ነው። ከሁሉ ያሳዘነኝ ገበሬው ግሪድሊ ነው። ወንድሙ በአባታቸው ኑዛዜ የሚደርሰው 300 ፓውንድ ነበር፤ እነ ግሪድሊ ደግሞ «በቤት የበላህበትና ያደርህበት ይታሰብ» አሉት። የቡና መሬት በሚወረስበት በእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሊጨርሱት በሚችሉት በዚህ ጉዳይ 17 ሰዎች ተከሳሽ ሆኑ፤ ግሪድሊ የአባቱ ልጅ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ብቻ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ወጪውም ገና ከጅምሩ የገንዘቡን ሦስት እጥፍ ሆነ። ታዲያ ዲከንስ ጥፋተኛ የሚያደርገው ማንን ነው?

የሕግ ተማሪ፦
እኔ ጥፋቱን የማየው በአሠራሩ ላይ ነው። ቻንስሪ የተባለው፣ እነዚህን የውርስ ክርክሮች ያይ የነበረው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ማስረጃ የሚቀበለው በጽሑፍ ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ግልባጭና እያንዳንዱ ቀጠሮ ክፍያ ነበረው፤ ወጪና ኪሳራውም ብዙውን ጊዜ ከውርሱ ላይ ስለሚታሰብ፣ ጉዳዩ እንዲያልቅ የሚቸኩል ባለሙያ አልነበረም። በእኛ የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ፊት ለፊት ቆመው ይሟገቱ እንደነበረ ሲያስቡት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ደራሲው እንዳጋነነ እንዳይመስልዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 በጻፈው መቅድም ላይ ሃያ ዓመት ገደማ የቆየና 70,000 ፓውንድ የፈጀ እውነተኛ ክርክር ይጠቅሳል፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ያልተጣሉበት።

እናት አንባቢ፦
ልጆቼ፣ የሕጉን ክፋት አልክድም፤ ነገር ግን ጆን ጃርንዳይስን አትርሱት። ስሙ በመዝገቡ ላይ እያለ ከክርክሩ አንዳች አልጠብቅም ብሎ ቤቱን ለወላጅ አልባዎች ከፍቶ ይኖራል። የዚያው ክርክር ባለጉዳይ የሆነው ወጣቱ ዘመዱ ሪቻርድ ግን ዛሬ ነገ ይፈረድልኛል እያለ የጀመረውን ሙያ ሁሉ ይተዋል፤ በቤቱ የተቀበለውን ጆን ጃርንዳይስን እንኳ እንደ ባላንጣ መጠርጠር ይጀምራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ሆኖም ዲከንስ ይህን ልጅ የጻፈው ፍርድ ቤቱን ለመውቀስ ብቻ አይመስለኝም።

አንባቢ ከጅረን፦
እናቴ፣ ስለ ሪቻርድ የተናገሩትን እቀበላለሁ። በግሪድሊ ላይ ግን አይሠራም፤ እርሱ በወንድሙ ተከስሶ የገባ ነው፤ ከሳሹ ወንድም ራሱ ገንዘቡን ትቶ ለመገላገል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ መውጫ አላገኙም። ጆን ጃርንዳይስ ክርክሩን ከልቡ ማውጣት የቻለው ሌላ ሀብት ስለነበረው ነው፤ የግሪድሊ ርስት ግን ያለቀው በዚያው ወጪ ነው።