ኖስቶክ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ቡናማ የሚሆነው ጂኑ ተለውጦ ነው?

ጥያቄ፦
ኖስቶክ የተባለውን ሳይኖባክቴሪያ (እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) ለጥናት አሳድጋለሁ። በአምፖል ብርሃን ሥር ሳለ አረንጓዴ ነበር፤ ከፊሉን ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ካስቀመጥሁት በኋላ ግን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቡናማ አደላ። አልትራቫዮሌት ጨረር ዲኤንኤን እንደሚጎዳ ስለማውቅ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤው ጽሑፍ መለወጥ፣ ደርሶ ይሆን ብዬ ሠጋሁ። ያነበብሁት ጽሑፍ «የዘረመል ምላሽ» ይላል፤ ይህ ከሚውቴሽን በምን እንደሚለይ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ፦
ሚውቴሽን በዘፈቀደ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሴል ላይ የሚደርስ ስለሆነ፣ ሴሎቹን ሁሉ በአንድነት ወደ አንድ ቀለም አይወስድም። እርስዎ ያዩት ቀድሞውንም በዲኤንኤው ውስጥ የነበሩና ያለ ሥራ የተቀመጡ ጂኖች በጨረሩ ምክንያት ሥራ መጀመራቸውን ነው። ጨረሩን የሚመክተው ይህ ቡናማ ቀለም ስኪቶኔሚን ይባላል፤ የሚሠራውም ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኖስቶክ ፐንክቲፎርሜ በተባለው የኖስቶክ ዝርያ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚውሉት 18 ጂኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የተበላሸበት ባክቴሪያ ቀለሙን መሥራት ተስኖት ነበር። ከሰልፉ አጠገብ ደግሞ ምልክት የሚቀበልና ምልክቱን ወደ ጂኖቹ የሚያደርስ ጥንድ ፕሮቲን የሚሠሩ ሁለት ጂኖች አሉ፤ ምልክት አድራሹ ከተወገደ ስኪቶኔሚን አይመረትም። የዘረመል ምላሽ ሲባል እንግዲህ የጂኑ ጽሑፍ ሳይነካ የሚነበብበት ጊዜና መጠን መለወጡ ነው።

ሁለተኛ መልስ፦
መስኮቱን ልብ ይበሉ። ተራ መስታወት ከአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነውን ዩቪ-ቢ በአብዛኛው ያስቀራል፤ ከዚያ በላይ እስከ 400 ናኖሜትር ከሚደርሰው ዩቪ-ኤ ግን ብዙውን ያሳልፋል፤ ስኪቶኔሚንን በዋናነት የሚቀሰቅሰውም ይኸው ዩቪ-ኤ ነው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ሴሎቹ እንደ ዶቃ ተያይዘው አረንጓዴነታቸውን እንደያዙ፣ ቡናማው ቀለም ግን በዙሪያቸው ባለው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ብቻ እንደተቀመጠ ያገኙታል። እኔ ይህን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ እጅግ ተደንቄአለሁ።

ብዙ ሳይኖባክቴሪያዎች በዓይን የማይታይ ሌላ መከላከያም አላቸው፤ ማይኮስፖሪን መሰል አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። እነዚህ ቀለም አልባ ሆነው ከ310 እስከ 362 ናኖሜትር ባለው ክልል ጨረሩን ይውጡና ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጠው ያስወግዱታል። ከእነርሱ አንዱ ሺኖሪን ሲሆን፣ አናቤና ቫሪያቢሊስ በተባለ ሌላ ሳይኖባክቴሪያ ውስጥ እርሱን ለመሥራት የሚውሉት አራት ጂኖች ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሥራ እነዚህ ጂኖች ወደ ኢ. ኮላይ ሲዛወሩ ያ ባክቴሪያ ሺኖሪን ማምረት ችሏል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ፎቶላይዝ የተባለው ኢንዛይም የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግን ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ቀለም ማምረት ለምን አስፈለገ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ጥገና የሚሠራው ሴሉ እርጥበት እስካለው ድረስ ነው። በድንጋይ ወይም በአፈር ላይ የሚኖር ኖስቶክ በፀሐይ ሲደርቅ የሴሉ ሥራ ይቆማል፤ ጨረሩ ግን መውረዱን አያቆምም። በሽፋኑ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራቀመ ስኪቶኔሚን ጉልበትም ውኃም ሳይጠይቅ፣ ሴሉ ደርቆ በተኛባቸው ወራት ሁሉ ጨረሩን ይመክታል። ሥጋትዎን በገዛ ናሙናዎ ለመፈተን ከፈለጉ፣ ከቡናማው ጥቂት ወስደው በአዲስ ማብቀያ ላይ ወደ አምፖሉ ብርሃን ይመልሱት፤ አሮጌው ሽፋን ቡናማ ሆኖ ቢቆይም አዲስ የሚያድገው አረንጓዴ ከሆነ ጂኑ እንዳልተለወጠ ያረጋግጣሉ።